በክድን ተራ በር ሲዘጋ

ባለፈው ሳምንት ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ድምፅ እያስተማርኩ ሳለ ዝናብ መጣ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያስተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ዝናቡ ሲበረታ ትምህርት ይቆማል። መጮህ ይቻላል፣ ግን ከሁለተኛው ወንበር ወዲያ የሚሰማ የለም። እኔም እንደ ልማዴ ጠመኔውን አስቀምጬ በመስኮት ወደ ዳባት ገበያ እያየሁ እጠብቅ ጀመር። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ አርፍዳ በዝናብ እየሮጠች ስለገባች አዲሱ ዩኒፎርሟ በስብሷል። ውሃ ነክቶት የማያውቅ ጨርቅ መጀመሪያ ሲርስ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ የዱቄትና የተዘጋ ሳጥን ሽታ ይመስላል። ያ ሽታና ያ የቆርቆሮ ጩኸት አንድ ላይ ሲመጡብኝ ዳባት መሆኔ ጠፋኝ። ዝናቡ ሲያባራ ክፍሉ በሙሉ እኔን እያየ ነበር። "ቲቸር፣ የት ደርሰን ነበር?" አለ አንዱ። እኔ ደባርቅ ደርሼ ነበር።

የሥራ ባልደረቦቼ ትዝታ ለመጻፍ ገና ልጅ ነህ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ፂሜ ላይ ሽበት የለም። ነገር ግን ያደግሁበትን ቦታ ለተማሪዎቼ ላሳይ ብል የማሳየው ነገር የለኝም። ስለዚህ በጽሑፍ ማስረዳት ይኖርብኛል፣ ማስረዳት ደግሞ እወዳለሁ።

ክድን ተራ ደባርቅ ውስጥ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ሲወረድ በስተግራ የሚገባ ጠባብ መንገድ ነበር። በግራና በቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሱቆች ነበሩት፤ በመካከላቸው ሁለት የተጫኑ በቅሎዎች ጎን ለጎን አያልፉም። የደባርቅ ክረምት ብርዱና በረዶው የታወቀ ነው፤ ገዢ ደግሞ እየበሰበሰ ጨርቅ አይመርጥም። ስለዚህ እኔ ሳልወለድ በፊት ባለሱቆቹ ተስማምተው ከሱቅ ወደ ሱቅ የባሕር ዛፍ ወራጅ ዘረጉና ቆርቆሮ መቱበት፤ መንገዱ እንዳለ ቤት ሆነ። አንድ ነገር ልብ እንዲባልልኝ እፈልጋለሁ። እያንዳንዱ ወራጅ አንዱ ጫፉ በዚህኛው ሱቅ ግድግዳ፣ ሌላው ጫፉ ደግሞ ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ግድግዳ ላይ ያርፍ ነበር። አንዱ ግድግዳውን ቢያነሳ የሌላው ጣሪያ ይወርዳል። ሰኔ ሲገባ ሁሉም የየራሱን ሚስማር ይዞ ይወጣና የላላውን ይመታል፣ የተበሳውን በሬንጅ ይደፍናል። ታች ያሉት ሴቶች "እዚህ ጋ ሰማይ ይታያል፣ እዚህ ጋ" እያሉ በጃንጥላ ጫፍ ያሳዩ ነበር።

አባቴ አቶ ደሳለኝ ልብስ ሰፊ ነው። እኛ ልጆቹ ጋሼ እንለዋለን። ፊት ለፊቱ ሐጂ ኑሩ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ከጎኑ ደግሞ እትዬ ብርቄ ክር፣ መርፌና አዝራር። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ ጨርቁን ከሐጂ ትገዛለህ፣ አንድ እርምጃ ተሻግረህ ለጋሼ ትሰጣለህ፣ አዝራሩን እትዬ ብርቄ ጋ ትመርጣለህ፣ ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለህ ሻይ ታዝዛለህ። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ የሱሪ እግር ማሳጠር ብር ከሃምሳ የነበረበት ጊዜ ነው። ለመስከረም የተማሪ ካኪ፣ ለጥምቀት የሴት ቀሚስ፣ ከፋሲካ በኋላ የሙሽራ ኮት ይሰፋል። ከሳንቃ በር የሚወርዱት ስካውቶች፣ የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ክርኑ ያለቀ ካፖርት፣ የቱሪስት መሪዎቹ ዚፑ የተበላሸ ድንኳን ይዘው ይመጣሉ። ከአምባራስና ከዚያም ከሚርቀው አገር የሚመጡት ገበሬዎች ልጃቸውን ይዘው አይመጡም፤ የልጃቸውን ልክ በሲባጎ ላይ ቋጥረው ያመጣሉ። አንድ ቋጠሮ ትከሻ፣ አንድ ቋጠሮ እጅጌ፣ አንድ ቋጠሮ ወገብ። ጋሼ ሲባጎውን በጣቶቹ መካከል ያሳልፍና አይቶት ስለማያውቀው ልጅ "ይህ ልጅ ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል፣ ሸክም አብዝታችሁበታል" ይላል። ያለ ሱሪ የቀረ ገበሬ ሱሪው እስኪጠገን ጋቢውን ተከናንቦ ይጠብቃል።

"ደሳለኝ፣ ቶሎ በልለት እንጂ፤ ሰውዬው እግሩን ለገበያ አውጥቶታል" ይላሉ ሐጂ።

"ሐጂ፣ ለእርስዎ በነጻ ነው" ይላል ገበሬው።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ከብዙ መጫወት የተነሳ የላላ ካሴት ነበር። ዘፋኙ የሠርግ ዘፈኑን እንቅልፍ እንደያዘው ሰው እየጎተተ ይዘፍነዋል፤ እኔ ትልቅ ሰው እስክሆን ድረስ ዘፈኑ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ግን ዘፈኑም ወሬውም ይጠፋል። ያን ጊዜ ተራው በእጅ ይነጋገር ነበር፤ ጉልበትን መንካት "አሳጥረው"፣ ሁለት ጣትን መግጠም "አዝራር"። ሐጂ ኑሩ ግን ዝናብ ጠብቀው ጋሼን ይሰድቡት ነበር። ፂማቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን እንጂ አንሰማም። ሲያባራ ጋሼ "ምን ነበር ያሉኝ?" ይላቸዋል። "አላህ ዕድሜ ይስጥህ ነው ያልኩት" ይላሉ። ይህ በየክረምቱ የሚደጋገም ጨዋታ ነበር፣ በየክረምቱም ይሳቅበት ነበር።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስኩ። በክድን ተራ በቀን በር አይዘጋም። ሰው ቢታመም፣ ወደ ጎንደር ለዕቃ ቢሄድ፣ ዓርብ ሐጂ መስጊድ ቢሄዱ፣ በማርያም ቀን ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ቢያረፍድ፣ ጎረቤቱ መጥቶ አንዱን መዝጊያ ይከፍትለታል፤ ደጃፉ ላይ ዱካ፣ ትንሿን መቀመጫ፣ ያወጣና ዱካው ላይ የጨርቅ ሜትር ያኖራል። ሜትር ያለበት ዱካ "ወጣ ብሏል፣ ይመጣል" ማለት ነው። ገዢ ይህን አይቶ ይቀመጣል። በሮቹ በቀን የሚዘጉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከተራው ሰው ሲሞት፣ በቀብሩ ዕለት። ያን ዕለት ሁሉም ይዘጋል። ከገጠር የመጣ ሰው ተራው ጨልሞ ሲያይ ማንንም ሳይጠይቅ ቆቡን አውልቆ ከሐዘንተኛ ጋር ይቀመጣል። በማግስቱ የሟቹ በር ሳይቀር ተከፍቶ፣ ዱካው ወጥቶ ይውላል።

ይህን ሁሉ የማብራራው ጃፓን አገር የሠራሁትን ስህተት ለማስረዳት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሳይንስ መምህራን በተሰጠ አጭር ሥልጠና ወደ ጃፓን ሄጄ ነበር። ስነሳ ጋሼ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "የጨርቅ መቀስ። የእነሱ ብረት ጥሩ ነው ይባላል።" የምናርፍበት ከተማ ትልቅ አልነበረም። አስተባባሪያችን ሐሩካ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች፤ መቀስ እፈልጋለሁ ስላት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ወዳለ የገበያ መንገድ ወሰደችኝ። መግቢያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። በግራና በቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሱቆች፣ በላያቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጣሪያ። ክድን ተራ ነው። በርግጥ ጣሪያው ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፣ ከፍታውም የእኛን ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ወለሉ ንጣፍ ነው፤ ከየምሰሶው የላስቲክ አበባ ተንጠልጥሏል፤ ከአንድ ቦታ የዓሣ፣ ከሌላው የተቆላ ሻይ ቅጠል ሽታ ይመጣል። ከጣሪያው ሥር በተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ለስላሳ ዘፈን ይሰማል፣ የሚሰማው ሰው ግን አይታይም። ዝናብ እየዘነበ መሆኑን ያወቅሁት የሚገቡት ሰዎች ጃንጥላ ሲያጥፉ አይቼ ነው። ያ ጣሪያ ድምፅ የለውም።

መግቢያው አካባቢ ያሉት ሱቆች ክፍት ነበሩ። የቤት ውስጥ ጫማ፣ የአሮጊት ሹራብ፣ በጨው የተቀመመ አትክልት። እየዘለቅን ስንሄድ ግን ተጠቅልሎ የሚወርደው የብረት በር በዛ፤ አንድ ክፍት፣ ሦስት ዝግ፣ ከዚያ ዝግ፣ ዝግ። ቀኑ የሥራ ቀን ነው። ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፣ ኮፍያዬንም አወለቅሁ።

"ሞቀህ?" አለችኝ ሐሩካ።

መጨረሻው አካባቢ ክር፣ አዝራርና መቀስ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት አገኘን። ሴትዮዋ ከሱቃቸው ወጥተው የተዘጋውን የጎረቤታቸውን ደጃፍ በመጥረጊያ ይጠርጉ ነበር። እትዬ ብርቄን የጃፓን ልብስ ያለበሷት መሰለኝ። መቀሶቹን አወጡልኝ፤ አንዱን አነሳሁና ከመክፈሌ በፊት ማለት የሚገባኝን ለማለት ፈለግሁ።

"ሐሩካ፣ ጠይቂልኝ፤ የሞተው ማን ነው?"

"ማን ሞተ?"

"በሮቹ እኮ ሁሉ ተዘግተዋል።"

ሐሩካ ቀላች። "እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም" አለችኝ። ሴትዮዋ ግን ምን እንዳልኩ እንድትነግራቸው ጎተጎቷት። ስትነግራቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁን ትተው የተዘጉትን በሮች አንድ በአንድ እያሳዩ ተናገሩ። ሐሩካ ተረጎመችልኝ፦ "ማንም አልሞተም ይላሉ። ያኛው ባለ ጫማው ነው፣ ልጁ ቶኪዮ ባንክ ውስጥ ይሠራል። ያኛው ባለ ሩዙ፣ ሴት ልጁ ሐኪም ናት። ይህ የምጠርገው ባለ ሰዓቱ ነው፣ እሱ ፎቅ ላይ አለ፣ ግን አይወርድም። ልጆቻቸው ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ሁሉም ተምረዋል።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አባትህ ምን ይሠራሉ ይሉሃል።"

"ልብስ ሰፊ ነው።"

"አንተስ?"

"መምህር።"

ሴትዮዋ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። መቀሱን በአበባማ ወረቀት ጠቅልለው፣ ጠርዙን በጥፍራቸው አስተካክለው፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

በአውሮፕላን ስመለስ ዕቅድ አወጣሁ። ዕቅድ የማውጣት ችግር የለብኝም። ያን ጊዜ ክድን ተራ ተዳክሞ ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶ የከረመበት ያ ክፉ ጊዜ አልፏል፣ ግን ቱሪስቶቹ አልተመለሱም፣ ስካውቶቹም ካፖርታቸውን ማስጠገን ትተዋል፣ መናኸሪያው በር ላይ ደግሞ ሰልባጅ በክምር ይሸጣል። እትዬ ብርቄ አርፋለች። ሐጂ ኑሩ ሲደክሙ ልጃቸው ጎንደር ወስዷቸዋል። ጋሼ ግን ጠዋት ጠዋት የራሱን በር ከከፈተ በኋላ ይሻገርና የሐጂን በር፣ ቀጥሎ የእትዬ ብርቄን በር ይከፍታል፤ ዱካ ያወጣል፣ ሜትር ያኖራል። የሐጂ መደርደሪያ ባዶ ነው። ሐጂ በየዓርቡ ይደውላሉ።

"ከፈትክልኝ?"

"ከፍቻለሁ።"

"ሰው መጣ?"

"አሁን ነው የሄዱት" ይላል ጋሼ፣ ማንም ያልመጣበትን መንገድ እያየ።

መቀሱን ሳመጣለት አየር ላይ ከፍቶ ዘጋው፣ ጆሮው ሥር አድርጎ። ዓይኑ እየደከመ ስለነበር ብረት የሚመርጠው በድምፅ ነው። "ጥሩ ነው" አለ። ከዚያ ስልኬን ሰጠሁትና ያነሳሁትን ፎቶ አሳየሁት። ስልኩን አፍንጫው ድረስ አቀረበው።

"ጋሼ፣ ጣሪያውን እየው። የእኛም እንዲህ ቢታደስ፣ ወጣቶች ቢገቡበት..."

"ጣሪያውስ ጥሩ ነው" አለ። "በሮቹ ለምን ተዘጉ? ማን ሞቶባቸው ነው?"

ሴትዮዋ ያሉትን አልነገርኩትም። ይልቅ ዕቅዴን አስረዳሁት፦ የእኔ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ዩኒፎርም ያሰፋል፤ ሥራው ለክድን ተራ ቢሰጥ ዳባትና ደባርቅ ያሉ ሥራ ያጡ ሰፊዎች ባዶዎቹን ሱቆች ይይዛሉ፤ ሰው ከገባ ሻይ ቤቱ ይከፈታል፤ ሻይ ቤቱ ከተከፈተ ወሬው ይመጣል። ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። "አንተ ካልክ ይሞከር" አለኝ፤ በማግስቱ ለሁለት ሰፊዎች የልብስ መኪና ዘይት ቀባ። ለናሙና አንድ ኮትና አንድ ሱሪ ሰፋ። ርዕሰ መምህሩ ናሙናውን ገለበጡ፣ ስፌቱን ጎተቱ፣ "እንዲህ ያለ ስፌት ቀርቷል እኮ" አሉ፤ እኔም ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ። የወላጆች ስብሰባ ግን ከአዲስ አበባ ተሰፍቶ፣ የትምህርት ቤቱ ዓርማ ታትሞበት የሚመጣውን መረጠ። ይረክሳል፣ ቶሎም ይደርሳል። እጄን አውጥቼ ተናገርኩ፣ በደንብ አስረዳሁ፤ አንዲት እናት "መምህር፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው" አለችኝና ለሌላኛው እጇን አወጣች። አልፈርድባትም። ባለፈው ሳምንት የበሰበሰው ዩኒፎርም ያ ነው። ሽታው ግን አንድ ነው።

ከዚያ በኋላ የሐጂ ኑሩ ልጅ ከጎንደር መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ጋሼን ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ብሎ ነበር።

"ጋሽ ደሳለኝ፣ ለአባቴ ያደረጉትን አላህ ይክፈልዎ። ግን ባዶ ቤት ተከፍቶ ቢውል ሌባ ይለምዳል።"

"አባትህ ቢደውሉ ምን ልበላቸው?"

ልጁ የአባቱን በር አየ። "ከፍቻለሁ ይበሏቸው" አለ።

አዲስ ቁልፍ አንጠልጥሎ ሄደ። ጋሼ ዓርብ ዓርብ "ከፍቻለሁ" ማለቱን ቀጠለ፤ ግን ስልኩን ሲያነሳ ፊቱን ከዚያ በር ያዞር ነበር። አንድ ዓርብ ስልኩ ሳይጮህ ዋለ። በሚቀጥለውም አልጮኸም። ከዚያ ከከተማው አስተዳደር ሰዎች መጡ። ወራጆቹን በብረት ወጉ፣ ብረቱ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ገባላቸው። ሰኔ ላይ የሚወጣ ሰው ከጠፋ ቆይቶ ነበርና አልተከራከርናቸውም፤ ጣሪያው ሰው ላይ ሳይወድቅ ከክረምት በፊት ይነሳል፣ ባለሱቆች ቁልፍ ያስረክቡ አሉ። ቁልፍ የያዘ ባለሱቅ አንድ ብቻ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ ቅዳሜ ከዳባት ሚኒባስ ይዤ ሄድኩና ከጋሼ ጋር ሱቁን አጸዳን። የልብስ መኪናውን በጋሪ ላክነው። መቀሱን በዚያው በአበባማው ወረቀት ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ የእትዬ ብርቄን ዱካ አስገባ፣ በሯን ዘጋ፤ የራሱንም ዘጋ። የገበያ ቀን ነው፣ ቀትር ነው፣ ክድን ተራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨልሟል። ድካሙ እስኪወጣልን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

ከመናኸሪያው በኩል አንድ ገበሬ ገባ። ከአምባራስ የሚመጣው አያ መኮንን ነው፤ የሠርጉን ኮት ጋሼ ነው የሰፋለት። ብብቱ ሥር ጥቅል ይዟል። ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ በሮቹን አየ። ቆመ። ቆቡን አወለቀ። ከጥቅሉ ጫፍ ጥቁር የኮት ጨርቅ ይታያል፣ ከጨርቁ መካከል ቋጠሮ ያለበት ሲባጎ ተንጠልጥሏል፤ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ወገብ። አያ መኮንን ዓይኑን ከእኛ ሳይነቅል ሲባጎውን በጣቱ ገፍቶ አስገባና ጥቅሉን ጋቢው ውስጥ ደበቀው።

"እግዜር ያጥናችሁ" አለ።

ጋሼ ቀና አለ። "ማን ነው?"

"እኔ ነኝ፤ መኮንን፣ ከአምባራስ።"

"አያ መኮንን። ይምጡ፣ ጠጋ ይበሉ።"

ከጋሼ ጎን ተቀመጠ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ማንም እንዳልሞተ፣ ወራጁ እንደበሰበሰ፣ ቁልፍ ሰኞ እንደሚሰጥ፣ ዳባት ገበያ ለጋሼ ሥራ እንደማይጠፋ በቅደም ተከተል ላስረዳው ነበር። ጋሼ እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ።

"ጎረቤት ነው?" አለ አያ መኮንን ቀስ ብሎ።

"ጎረቤት ነው" አለ ጋሼ።

"ነፍስ ይማር።"

"አሜን።"

ዝናቡ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ አንድ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ፤ ቆርቆሮው እንደ ድሮው ጮኸ፣ በተበሱት ቦታዎችም ውሃው መንገዱ መካከል ይወርድ ጀመር። አያ መኮንን ጋቢውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘና አንድ ነገር ተናገረ፣ አልተሰማም። ጋሼ ወደ ሐጂ ኑሩ በር እያየ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ብዙ ተናገረ። ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ዝናቡ ሲያባራም አልጠየቅሁትም።